አሲድ፣ ቤዝና ጨው

ቁስ አካል በሁለት ዓይነት ባሕርያት ይለያል። ቀለም፣ ሽታ፣ እፍጋት፣ የሚቀልጥበትና የሚፈላበት የሙቀት መጠን አካላዊ ባሕርያት ይባላሉ፤ እነርሱን ለማወቅ ቁሱን ወደ ሌላ ነገር መለወጥ አያስፈልግም። ኬሚካዊ ባሕርይ ግን የሚገለጠው ቁሱ ከሌላ ቁስ ጋር ተገናኝቶ ሲለወጥ ብቻ ነው። ንጹሕ ውሃና በውሃ የቀጠነ ሃይድሮክሎሪክ አሲድ በዓይን አይለዩም። የዚንክ ቁራጭ ሲገባባቸው ግን ውሃው ዝም ይላል፤ አሲዱ ዚንኩን እየበላ ሃይድሮጅን ጋዝ በአረፋ ያወጣል።

በኬሚካዊ ባሕርይ ከተመሠረቱት አመዳደቦች አንዱና ለኑሮ ቅርብ የሆነው ቁሶችን አሲድ፣ ቤዝና ጨው ብሎ የሚከፍለው ነው። አሲዶች ጣዕማቸው ኮምጣጣ ነው፤ ሎሚና ኮምጣጤ ከዚህ ወገን ናቸው። ሊትመስ የተባለውን ሰማያዊ ቀለም ያቀላሉ፤ በኖራ ድንጋይ ወይም በእንቁላል ቅርፊት ላይ ሲፈሱ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያወጣሉ። ቤዞች ቀዩን ሊትመስ ሰማያዊ ያደርጋሉ። ጣት ላይ የሚያሙለጨልጩት የቆዳን ቅባት ወደ ሳሙና ስለሚለውጡ ነው። የአመድ ውሃም ቤዝ ነው። እንዶድ ግን አረፋ ስለሰጠና ልብስ ስላጠበ ብቻ ከቤዞች አይቆጠርም፤ አረፋው የሚመጣው ሳፖኒን ከተባሉ ውህዶች ነው። መመሳሰል ዝምድና አይሆንም።

አሲድና ቤዝ ሲገናኙ አንዱ የሌላውን ኃይል ያከሽፋል፤ ጨውና ውሃም ይገኛሉ። ሃይድሮክሎሪክ አሲድና ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ ለየብቻቸው ሥጋ ይልጣሉ፤ በልካቸው ሲቀላቀሉ የሚተርፈው የወጥ ጨው ነው።

በቀለም መለየትን ሥርዓት ያስያዘው ሮበርት ቦይል ነው። በ1664 ባሳተመው መጽሐፍ የቫዮሌት አበባ ሽሮፕ በአሲድ እንደሚቀላ፣ በቤዝ ደግሞ አረንጓዴ እንደሚሆን አሳየ። ዛሬ በትምህርት ቤት የሚታወቀው ሊትመስ የሚሠራው በዓለትና በዛፍ ልጥ ላይ ከሚበቅሉት ሊችኖች ከሚወጣ ቀለም ነው።

አሲድን አሲድ የሚያደርገው ምንድን ነው ለሚለው ጥያቄ መልሱ ብዙ ጊዜ ተቀያይሯል። ላቮዝዬ በእያንዳንዱ አሲድ ውስጥ ኦክስጅን አለ ብሎ ያምን ነበር። ሃምፍሪ ዴቪ ግን በ1810 ገደማ ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ከሃይድሮጅንና ከክሎሪን በቀር ሌላ እንደሌለበት አሳየ። ስዊድናዊው ስቫንቴ አሬኒየስ ደግሞ አሲድ በውሃ ውስጥ የሃይድሮጅን አዮን፣ ቤዝ የሃይድሮክሳይድ አዮን የሚለቅ ነው አለ። የሐሳቡ መነሻ የሆነው የ1884 የዶክትሬት ጽሑፉ በኡፕሳላ ዩኒቨርሲቲ ዝቅተኛ ውጤት ተሰጥቶት ነበር፤ በ1903 ግን የኬሚስትሪ ኖቤል ሽልማት ተቀበለ።

ይህም ትርጓሜ አሞንያ ላይ ሲደርስ ተቸገረ፤ አሞንያ በውስጡ ሃይድሮክሳይድ ሳይኖረው ቤዝ ነው። በ1923 ዴንማርካዊው ብሮንስቴድና እንግሊዛዊው ላውሪ፣ ሳይመካከሩ፣ አሲድ ፕሮቶን (ማለትም የሃይድሮጅን አዮን) ሰጪ፣ ቤዝ ፕሮቶን ተቀባይ ነው አሉ። የዚህ ትርጓሜ ትልቁ ነገር ምድቡን ከቁሱ ላይ አንሥቶ ግንኙነቱ ላይ ማኖሩ ነው። ውሃ ከሃይድሮክሎሪክ አሲድ ፕሮቶን ይቀበላልና በዚያ ቤዝ ነው፤ ለአሞንያ ይሰጣልና በዚህ አሲድ ነው። አንድ ቁስ ብቻውን ተቀምጦ አሲድ ወይም ቤዝ አይባልም ማለት ይቻላል።

የአሲድነትን መጠን የሚለካው ፒኤች በ1909 በኮፐንሃገን የካርልስበርግ ቤተ ሙከራ በሶረንሰን ተዘጋጀ። በ25 ዲግሪ ሴንቲግሬድ 7 ገለልተኛ ነው፤ ከዚያ በታች አሲድ፣ ከዚያ በላይ ቤዝ። እያንዳንዱ እርከን የአሥር እጥፍ ልዩነት ስለሆነ ፒኤች 4 የሆነ ነገር 6 ከሆነው መቶ እጥፍ አሲድ ነው። የሎሚ ጭማቂ 2 ገደማ ነው፤ የሰው ደም ከ7.35 እስከ 7.45 ባለው ጠባብ ክልል ይጠበቃል። በስምጥ ሸለቆ ያሉት የአብያታና የሻላ ሐይቆች በሟሟባቸው ሶዲየም ካርቦኔት የተነሣ ወደ 10 ይጠጋሉ።

የፒኤች ቁጥር ከሁሉ ይልቅ የሚከብደው ለገበሬው ነው። ዝናብ በሚበዛባቸው የምዕራብ ኢትዮጵያ ደጋማ አካባቢዎች ውሃው ካልሲየምንና ማግኒዝየምን ከአፈሩ አጥቦ ይወስዳል፤ አፈሩም አሲዳማ ይሆናል። ፒኤቹ ከ5.5 ሲወርድ አሉሚኒየም እየሟሟ የሰብሉን ሥር ያቀጭጫል፤ ፎስፈረስም ተይዞ ለተክሉ አይደርስም። ገብስና ስንዴ ቶሎ ይጎዳሉ። መድኃኒቱ የተፈጨ የኖራ ድንጋይ ነው፤ መጠኑ ግን በፒኤች ብቻ አይወሰንም። ሸክላማ አፈር በቅንጣቶቹ ላይ የያዘው አሲድ ብዙ ስለሆነ፣ ፒኤቹ ከአሸዋማው ጋር እኩል ቢሆንም የበለጠ ኖራ ይጠይቃል። ዝናቡ ማጠቡን ስለማያቋርጥም ኖራው ከጥቂት ዓመታት በኋላ እንደገና መጨመር አለበት።