ከመርጨታችሁ በፊት ፎቶ አንሱ

በግቢያችሁ ጽጌረዳ አለ? ካለ ነገ ማለዳ ቁርስ ሳይቀርብ ባልና ሚስት አብራችሁ ውጡ። ከእምቡጡ ሥር አረንጓዴ ነገር ተደርድሮ ታገኙ ይሆናል። ክሽክሽ ነው። ከዚህ በኋላ የሚሆነው ይታወቃል፤ አንዱ «ይረጭ» ይላል፣ ሌላው «ልጆቹ የሚጫወቱበት ግቢ ነው» ይላል፣ ማለዳውም በክርክር ያልቃል። እስቲ የመድኃኒቱን ጠርሙስ ከማንሳታችሁ በፊት ስልካችሁን አንሱ።

ሥራው ለብቻ አይመችም። ነፋስ ትንሽ ከነካው ቅርንጫፉ ይወዛወዛል፣ ፎቶውም ይደበዝዛል። ስለዚህ አንዳችሁ እሾህ በሌለበት በኩል በሁለት ጣት ያዙ፣ ሌላው ያንሳ። (ማን እንደሚይዝ አትከራከሩ፤ ተቀያየሩ።) ማለዳ የሚመረጠው ነፍሳቱ በብርዱ ስለሚፈዙ ነው፤ ፀሐይ ሲሞቃቸው ይበራሉ። ብዙ ስልኮች በጣም ሲቀርቡ አጥርተው አያዩም፤ ትንሽ ራቅ ብላችሁ አንሱና በኋላ አጉሉት። አበባው ቀይ ከሆነ ስክሪኑን ነክታችሁ ብርሃኑን ቀንሱ፤ አለዚያ የአበባው ቅጠሎች አይለዩም፣ አንድ ቀይ እራፊ ይመስላሉ።

አሁን ፎቶውን አስፍታችሁ ተመልከቱ። ከክሽክሾቹ አንዷ ስትወልድ ትያዝ ይሆናል፤ ሴቷ ያለ ወንድ ልጆቿን በሕይወት ትወልዳለችና። በጥቂት ቀናት እንዲያ የሚበዙት ለዚህ ነው። ነጭ አቧራ የሚመስለው የጣሉት ቆዳ ነው። ጉንዳን ካያችሁ ሊበላቸው የመጣ አይምሰላችሁ፤ የሚያወጡትን ጣፋጭ ፈሳሽ ይልሳል፣ ከጠላትም ይጠብቃቸዋል። እረኛ በሉት።

በጣም የምንበድለው ግን ሌላውን ነው። ጥቁር፣ ረዘም ያለ፣ ጎኑ ላይ ብርቱካንማ ነጠብጣብ ያለው፣ ትንሽ አዞ የሚመስል ፍጡር ታያላችሁ። መልኩ አያምርምና ብዙ ጊዜ በጣት ይጨፈለቃል። እርሱ ግን ልጆች እጃቸው ላይ የሚያስኬዷት የዚያች ቀይ፣ ባለ ጥቁር ነጠብጣብ ጥንዚዛ ልጅ ነው። እናትም ልጅም ክሽክሽ ይበላሉ። አብጦ ቡናማ የሆነ፣ ጀርባው ላይ ክብ ቀዳዳ ያለው ክሽክሽ ካገኛችሁ ደግሞ ውስጡ ያደገች ደቃቃ ተርብ በልታው ወጥታለች ማለት ነው። የምንረጨው መርዝ እነዚህንም ይገድላል። ክሽክሹ ቶሎ ይመለሳል፤ የሚበሉት ግን ይዘገያሉ።

የቅጠሉ ጠርዝ በሳንቲም ልክ የተቆረጠ ከመሰለም አትደንግጡ። ለጎጆዋ ቅጠል የምትቆርጥ ንብ አለች፤ ጽጌረዳው በዚያ አይሞትም።

አንድ ቅርንጫፍ ላይ ክር እሰሩና ለአንድ ሳምንት በየማለዳው እርሱኑ አንሱ። ክሽክሹ ከበዛባችሁ በውሃ እጠቡት፣ ወይም በጣታችሁ አራግፉት፤ አዞውን ግን ተዉት። ማታ ፎቶዎቹን አብራችሁ ቁጠሩ። አዞው ከጠፋባችሁ ቅጠሉን ገልብጡ። ጅራቱን አጣብቆ፣ ተጎንብሶ ዝም ብሎ ካገኛችሁት አልሞተም፤ ጥንዚዛ ሊሆን ነው።