ኦፔራ በሲኒማ ቤት

የኒውዮርኩ ሜትሮፖሊታን ኦፔራ ትርኢቶቹን በቀጥታ ወደ ሲኒማ ቤቶች ማስተላለፍ የጀመረው እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 30 ቀን 2006 በሞዛርት «አስማተኛው ዋሽንት» ነው። ከ1931 ጀምሮ በሬዲዮ ሲደመጥ የኖረው መድረክ በዚህ መንገድ ምስልም አገኘ። በርካታ ካሜራዎች የሚያነሱት ትርኢት በሳተላይት ተልኮ በብዙ አገሮች በቀጥታ ይታያል። በእረፍት ሰዓት ደግሞ ዘፋኞቹ ላባቸው ሳይደርቅ ቃለ መጠይቅ ይደረግላቸዋል።

በኦፔራ ቤቱ ዘፋኞች 3,800 ያህል ሰው በሚይዝ አዳራሽ ውስጥ ያለ ድምፅ ማጉያ ከኦርኬስትራው በላይ መሰማት አለባቸው። በሲኒማ ቤት ግን ድምፁ በስፒከር ስለሚወጣ ይህ ጉልበት በትክክል አይለካም። በምትኩ ከአዳራሹ የኋላ ወንበር የማይታየው ይታያል፦ የትንፋሽ አወሳሰድ፣ የአፍ አከፋፈት፣ የፊት ገጽታ።

በ2008 በተላለፈው የዶኒዜቲ «የክፍለ ጦሩ ልጅ» ፔሩዊው ቴነር ሁዋን ዲዬጎ ፍሎሬዝ የዘፈነው ዜማ ዘጠኝ ጊዜ ወደ ከፍተኛው «ዶ» መውጣትን ይጠይቃል። በቀጥታ ሥርጭት ላይ ድምፅ ቢሰበር ስቱዲዮ ገብቶ ማረም የለም። እውነተኛ ችሎታን መለየት የሚሻ ተመልካችም ከድምፁ ጩኸት ይልቅ ጥራቱን፣ የቃላቱን ግልጽነትና የትንፋሹን ርዝመት ልብ ይበል።