ግድግዳው ቆሞ መድኃኒቱ እንዳይደፋ

በስምጥ ሸለቆና በአካባቢው የሚኖር ገበሬ የመሬት መንቀጥቀጥን ያውቀዋል። በ1953 ዓ.ም. በካራ ቆሬ በኩል የተነሣው መንቀጥቀጥ ማጀቴን አፈራረሰ። በ1961 ዓ.ም. በአፋር የምትገኘው ሰርዶ ፈረሰች። በ2017 ዓ.ም. ደግሞ በአዋሽ ፈንታሌና በዶፈን አካባቢ ምድር ደጋግማ ስለተንቀጠቀጠች ብዙ ሺህ ሰው ቀዬውን ለቆ ወጣ።

እንዲህ ባለ ቀን የተጎዳ ሰው ወዴት ይወሰዳል? ወደ ጤና ጣቢያ ወይም ወደ ሆስፒታል ነው። ታዲያ ግድግዳው ቆሞ ሳለ የመድኃኒቱ መደርደሪያ ከተገለበጠ፣ የክትባቱ ማቀዝቀዣ ከወደቀ፣ ሐኪሙ በባዶ እጁ ምን ሊያደርግ ነው?

ይህ በሀብታም አገርም ደርሷል። በአሜሪካ፣ በሎስ አንጀለስ የሚገኘው ኦሊቭ ቪው ሆስፒታል በ1963 ዓ.ም. በመንቀጥቀጥ ክፉኛ ተጎዳ። በኋላም ጠንክሮ እንደገና ተሠራ። በ1986 ዓ.ም. ሌላ መንቀጥቀጥ ሲመጣ ሕንፃው አልወደቀም። ነገር ግን የውሃ ቧንቧዎቹ ተሰብረው ውሃ ስለፈሰሰ በሽተኞቹ ወደ ሌላ ቦታ ተወሰዱ። ሕንፃው ተረፈ፤ ሥራው ግን ተስተጓጎለ።

እንግዲህ ምን እናድርግ?

1ኛ/ መደርደሪያ ሁሉ ከግድግዳ ጋር በብሎን ይያዝ። ግድግዳው ጭቃ ከሆነ ምርጉ አይይዝምና ከምሰሶው ጋር ይታሰር።

2ኛ/ ከባድ ዕቃና ጠርሙስ ከታች፣ ቀላሉ ከላይ ይቀመጥ። በየመደርደሪያው ፊት ቀጭን ጣውላ ቢመታ ጠርሙሱ ተንሸራቶ አይወድቅም።

3ኛ/ የኦክስጂን ሲሊንደር ከላይና ከታች በሰንሰለት ይታሰር። ወድቆ አንገቱ ከተሰበረ በውስጡ የታመቀው አየር እንደ ጥይት ያስወነጭፈዋል፤ ሰው ይገድላል!

4ኛ/ ማቀዝቀዣው አየር እንዲያገኝ ከግድግዳው ፈቀቅ ብሎ ይቁም፤ እንዳይገለበጥ ግን በጠፍር ይያዝ።

5ኛ/ ጎማ ያለው አልጋና ጠረጴዛ ፍሬኑ ይያዝ። ማይክሮስኮፕ ሥራ ሲያበቃ ወደ ሣጥኑ ይመለስ።

6ኛ/ ጄኔሬተሩ ከወለሉ ጋር በብሎን ይታሰር፤ ባትሪውም እንዲሁ።

ወገኖች! ይህ ሥራ የሐኪሙ ብቻ አይደለም። አናጢው መጋዙን፣ ብረት ሠሪው መዶሻውን፣ ገበሬው ጉልበቱን ይዞ ይምጣ። የጤና ባለሙያው የቱ ዕቃ መቅደም እንዳለበት ያሳያል። መንቀጥቀጡ የሚመጣበትን ቀንና ሰዓት አስቀድሞ የሚነግረን የለም። ሰንሰለቱን ዛሬ ማሰር ግን በእጃችን ነው። ሳይቃጠል በቅጠል!