ረግረጋማ መሬትና የተጠነፈፈ ማሳ፦ የአፈር ለምነታቸው ልዩነት

ውሃ የተኛበት የሸለቆ መሬት አፈሩ ጥቁር በመሆኑ ለም ተደርጎ ይታያል። ግምቱ ስሕተት ባይሆንም ምሉዕ አይደለም። በኢሉባቦር በበርካታ ስፍራዎች እንደታየው፣ ረግረግ ተጠንፍፎ በቆሎ ሲዘራበት በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ጥሩ ምርት ይገኛል፤ ከዚያ በኋላ ግን ምርቱ እየቀነሰ ሊሄድ ይችላል።

ዋናው ምክንያት አየር ነው። ውሃ በሞላው አፈር ውስጥ ኦክስጅን ስለሚያንስ የቀጤማው ቅሪትና ሥራሥሩ ፈጥኖ አይበሰብስም፤ ዓመት ከዓመት ይከማቻል፤ ናይትሮጅንም በውስጡ ታምቆ ይቆያል። ቦይ ተቆፍሮ ውሃው ሲወርድ አየር ይገባል፤ ረቂቅ ተሕዋስያን ክምችቱን በፍጥነት ያብላላሉ፤ ናይትሮጅኑም ለሰብሉ ይለቀቃል። የመጀመሪያው መልካም ምርት እንግዲህ ለረጅም ዘመን ከተጠራቀመ ሀብት ላይ የሚወጣ ወጪ ነው፤ ተተኪ ካልገባለት ያልቃል።

ኮምጣጣ አፈር ውሃ ሲተኛበት ኮምጣጣነቱ ይቀንሳል፤ ከብረት ጋር ተጣብቆ የነበረ ፎስፈረስም በከፊል ይለቀቃል። ሲጠነፈፍ ሁለቱም ወደ ኋላ ይመለሳሉ። ብስባሹ ሲያልቅ ደግሞ የመሬቱ ገጽ ራሱ ዝቅ ይላል። በእንግሊዝ አገር ሆልም ፌን በተባለው ረግረግ በ1851 እ.ኤ.አ. ጫፉ ከመሬት እኩል ሆኖ የተተከለው የብረት ምሰሶ ዛሬ 4 ሜትር ያህል ከመሬት በላይ ይታያል። በዚያ የነበረው የብስባሽ ክምችት እጅግ ጥልቅ ስለነበር መጠኑ ለሁሉም ረግረግ አይሠራም፤ የለውጡ አቅጣጫ ግን ያው ነው።

የኢሉባቦር አርሶ አደሮች ነባር ልማድ ይህን ጉዳት ይገታል። ምርት ከተሰበሰበ በኋላ ቦዮቹን በመድፈን ውሃው ተመልሶ እንዲተኛ ያደርጋሉ፤ የሸለቆውን ራስ ሳያርሱ ለቀጤማ ይተዋሉ፤ ከብት ረግጦ አፈሩን እንዳይጠቀጥቀውም ይከለክላሉ። ከበቆሎው ቀጥሎ ጤፍ መድገም ግን መሬቱ ውሃ የሚይዝበትን ጊዜ ያሳጥራል።

ረግረግ ለማጠንፈፍ ያሰበ ወይም በተጠነፈፈ ማሳው ላይ ምርት የቀነሰበት አርሶ አደር፣ ሥራውን ከመቀጠሉ በፊት የቀበሌውን የግብርና ባለሙያ ማማከር ይኖርበታል። ለአፈር ምርመራ ናሙና ሲወሰድ ከረግረጉና ከተጠነፈፈው ክፍል ለየብቻ መሆን አለበት፤ ሁለቱ ከተቀላቀሉ ውጤቱ የየትኛውንም ክፍል ሁኔታ አያሳይም። የኖራ መጠንም በግምት ሳይሆን በምርመራው ውጤት መሠረት ይወሰናል።