«ሲስተር፣ ያስረግዛል?»

ወደዚህ ቻናል የውስጥ መስመር ከሚገቡት መልእክቶች አብዛኞቹ የሚጀምሩት «ሲስተር፣ ጥያቄው የእኔ አይደለም፣ የጓደኛዬ ነው» ብለው ነው። ለጓደኞቻችሁ ሰላም በሉልኝ። ስም አልጠይቅም፣ ማን እንደሆናችሁም ለማወቅ አልሞክርም። በጓደኛ ስም መምጣቱ ከቀለላችሁ ግን ምንም አይደል።

ለአዲስ ገቢዎች፦ አዋላጅ ነርስ ነኝ፣ የምኖረው ዘነበወርቅ ነው። እዚሁ አካባቢ ያሉ ትምህርት ቤቶች የጤና ክበብ ላይ ሲጠሩኝ እሄዳለሁ። እዚያ «ጥያቄ ያለው?» ስል ሁሉም ጣሪያ ጣሪያ ያያል፤ ማታ ግን ስልኬ አያርፍም። ጥያቄው ሲጨመቅ አንድ ነው፤ እንዲህ ቢሆን ያስረግዛል? እንዲያ ቢሆንስ?

መሳሳም አያስረግዝም። ፎጣ መዋዋስ፣ እሱ ከተነሳበት ወንበር ላይ መቀመጥ፣ የሕዝብ መጸዳጃ ቤት መጠቀም አያስረግዝም። የመጀመሪያ ቀን ያስረግዛል። ቆሞም ያስረግዛል። «ውጭ ነው የጨረሰው» የሚባለውም ያስረግዛል፤ ስንት ሕፃን በዚህ ዓረፍተ ነገር ተወልዷል። ከዚያ በኋላ በሎሚ ወይም በለስላሳ መታጠብ ገላን ያቆስላል እንጂ እርግዝና አይከላከልም። የወር አበባ አይታ የማታውቅ ልጅም ልታረግዝ ትችላለች፤ የመጀመሪያው እንቁላል ከመጀመሪያው ደም ቀድሞ ሊወጣ ይችላልና።

ረዘም አድርጌ ላወራበት የምፈልገው «ቀን ቆጥሬያለሁ» የሚለውን ነው፤ በዚህ ሰፈር ከሁሉም የወሊድ መከላከያ በላይ የሚታመነው እሱ ሳይሆን አይቀርም። አንዳንዶቻችሁ ስልካችሁ ላይ ፔሬድ የሚቆጥር አፕ ጭናችኋል። አረንጓዴ ሲያሳይ «ሰላም ነው»፣ ቀይ ሲያሳይ «ተጠንቀቂ» ማለት ይመስላችኋል። አፑ ሆዳችሁ ውስጥ ያለውን አያይም፤ ያለፉትን ወራት ደምሮ ያካፍልና ይገምታል።

ነገሩ የሚሠራው እንዲህ ነው። እንቁላል የሚወጣው ከሚቀጥለው የወር አበባ ወደ ኋላ ሲቆጠር 14 ቀን ገደማ ላይ ነው። ከሚቀጥለው ነው ያልኩት፣ ካለፈው አይደለም። የሚቀጥለው መቼ እንደሚመጣ ደግሞ እስኪመጣ ድረስ ማንም አያውቅም። ዑደቷ 28 ቀን ለሆነ ልጅ 14ኛው ቀን አካባቢ ይውላል፣ 35 ቀን ለሆነች 21ኛው ቀን አካባቢ፣ 22 ቀን ለሆነች ግን 8ኛው ቀን ላይ ይሆናል። አሁን የወንዱን ዘር ጨምሩበት፤ ሴቷ ውስጥ እስከ 5 ቀን በሕይወት ሊቆይ ይችላል። ስለዚህ ዑደቷ 22 ቀን የሆነች ልጅ በ5ኛው ቀን፣ ደሟ ገና ሳይቆም ግንኙነት ብታደርግ፣ ዘሩ በ8ኛው ቀን እንቁላሉን ሊያገኘው ይችላል። «በፔሬድ ጊዜ አያስረግዝም» ላላችሁኝ ሁሉ መልሱ ይኸው ነው።

በእናንተ ዕድሜ ደግሞ ዑደቱ ራሱ ገና አልረጋም። የወር አበባ በጀመረ በመጀመሪያዎቹ ሁለትና ሦስት ዓመታት አንዴ በ21 ቀን፣ አንዴ በ45 ቀን ቢመጣ ጤና ነው። ጭንቀት ያዘገየዋል፣ ክብደት መቀነስ ያዘገየዋል። የ12ኛ ክፍል ፈተና በ2015 ዓ.ም. በየዩኒቨርሲቲው ግቢ መሰጠት ሲጀምር፣ ሻንጣቸው ውስጥ ሞዴስ አጭቀው ሄደው አንድም ሳይጠቀሙ የተመለሱ ልጆች አውቃለሁ። ስለዚህ ወንድ ሳይነካሽ ፔሬድሽ ቢዘገይ አትደንግጪ። ሦስት ወር ሙሉ ከቀረ፣ ወይም ደሙ በየሰዓቱ ሞዴስ የሚያስቀይር ከሆነ ግን ሐኪም ይይሽ። ቁርጠቱ ትምህርት ቤት የሚያስቀር ከሆነም እንደዚያው፤ «ሴት መሆን ነው፣ ቻዪው» የሚሏችሁን አትስሙ። አይቡፕሮፌን የጨጓራ ሕመም ለሌላት ልጅ ከምግብ በኋላ ቢወሰድ ይረዳል፣ ሆድ ላይ የሞቀ ውሃ በላስቲክ ማድረግም ይረዳል። ገላ መታጠብ ክልክል አይደለም። ቤተ ክርስቲያንና መስጊድ የሚመለከተውን የሃይማኖት አባቶቻችሁን ጠይቁ፣ እኔ ስለ ገላ ነው የማወራው።

ቀን መቁጠሩ ሲከሽፍ ቀጥሎ የሚመጣው ፖስት ፒል፣ ከግንኙነት በኋላ የሚዋጠው መከላከያ፣ ነው። ስለ እሱ ሁለት ተቃራኒ ወሬ ይደርሰኛል፤ አንዱ «መካን ያደርጋል» ይላል፣ ሌላው እንደ ከረሜላ ነው የሚያየው። ሁለቱም ልክ አይደሉም። መድኃኒቱ የሚሠራው እንቁላሉ እንዳይወጣ በማዘግየት ነው። ጽንስ አያስወርድም፣ ማህፀን አያደርቅም፣ ነገ ልጅ ከመውለድ አይከለክልም። ነገር ግን እንቁላሉ አስቀድሞ ከወጣ የሚያዘገየው ነገር የለም፤ ለዚህ ነው ሰዓት የሚወስነው። እስከ 72 ሰዓት ይባላል፣ ከዚያ በኋላም እስከ 5 ቀን መጠነኛ አቅም አለው፣ ግን በየሰዓቱ እየደከመ ይሄዳል። ሁለት ፍሬ ያለው ከሆነ ሁለቱንም አንድ ላይ መዋጥ ይቻላል። በዋጥሽ በሁለት ሰዓት ውስጥ ካስመለሰሽ ድገሚው። የቲቢ መድኃኒት የምትወስጂ ከሆነ ለፋርማሲ ባለሙያው ንገሪ፣ አቅሙን ይቀንሰዋል። ከዋጥሽ በኋላ በዚያው ሳምንት ግንኙነት ካለ ደግሞ ያኛው ፍሬ አይጠብቅሽም። ፔሬድሽ ከለመደው ቀን አንድ ሳምንት ካለፈ ተመርመሪ።

አንዷ ልጅ ሐሙስ ለተፈጠረ ነገር እሑድ ማታ ጻፈችልኝ። አርብና ቅዳሜ ምን ስትሠራ እንደነበር ጠየቅኳት። የሰፈሩ ፋርማሲ ውስጥ የእናቷ ጓደኛ ስላለች፣ የማያውቃት ሰው ያለበት ፋርማሲ ስትፈልግ ነበር። ጦር ኃይሎች ድረስ ሄዳ ሰው በዝቶባት ተመልሳለች። እኔን ከመድኃኒቱ ይልቅ የሚያሳስበኝ ይሄ መንከራተት ነው።

በየወሩ ፖስት ፒል የምትገዛ ልጅ የሚያስፈልጋት ሌላ ነገር ነው። በመንግሥት ጤና ጣቢያ የወሊድ መከላከያ በነፃ ይሰጣል፣ ለማግኘትም ያገባች መሆን ግዴታ አይደለም። ይህን የምላችሁ «ባል አለሽ?» ተብለው አንገታቸውን ደፍተው የተመለሱ ልጆች ስላገኘሁ ነው። አንዷን ካርድ ክፍል ያለው ሰው ጮክ ብሎ «ለምንድን ነው የመጣሽው?» ብሏታል፣ ወረፋው ሁሉ እየሰማ። እንዲህ ያለ ሰው ካጋጠማችሁ ሌላ ቀን፣ ሌላ ባለሙያ ጋ ግቡ። የሥራ ባልደረቦቼ ይህን የምታነቡ ካላችሁ፣ ቀለበቷን ሳይሆን የደም ግፊቷን እዩላት።

መርፌው በየሦስት ወሩ ነው። ትልቁ ፍርሃት «ደሙ ሲቀር የት ይጠራቀማል?» የሚለው ነው። የትም። የወር አበባ ማለት ማህፀን ለጽንስ ያነጠፈው ሽፋን ሲፈርስ ነው፤ መርፌው ሽፋኑ እንዳይወፍር ስለሚያደርግ የሚፈርስም የሚወጣም የለም። ወደ ጭንቅላት አይወጣም፣ ዕጢም አይሆንም። አንድ እውነት ግን አለው፤ መርፌ ያቆመች ሴት ለማርገዝ ከመጨረሻው መርፌ በኋላ በአማካይ 10 ወር ያህል ይወስድባታል። «መካን አደረጋት» የሚለው ወሬ የተወለደው ከዚህ ይመስለኛል።

በክንድ የሚቀበረው ኢምፕላኖን የክብሪት እንጨት የምታህል አንዲት ዘንግ ናት፣ ሦስት ዓመት ትሠራለች። ከቆዳ ሥር ስለሆነች በጣት ትዳሰሳለች፤ «ወደ ልብ ትሄዳለች» በሚለው ወሬ እንቅልፍ አትጡ። ሲያስፈልግ ትወጣለች፣ ማርገዝም ወዲያው ይመለሳል። ሦስቱን ዓመት መጨረስም ግዴታ አይደለም። የወር አበባን ያዛባል፣ አንዳንዷን ያስለቅሳል እስክትለምደው።

ወንዶች፣ አትደበቁ። ከእናንተ የሚደርሰኝ ጥያቄ «ሁለት ኮንዶም ደርቤ ብጠቀምስ?» የሚል ነው። አትደርቡ፣ ሲፋተጉ ይቀደዳሉ። ቅባት ወይም ቫዝሊን አትጨምሩ፣ ላስቲኩን ይበላዋል። የኪስ ቦርሳ ውስጥ ወራት የሰነበተ ኮንዶም ጣሉት። ሰዎች በሚጠቀሙበት ልማድ ከታየ፣ ኮንዶም ብቻ ከሚጠቀሙ መቶ ጥንዶች 13ቱ በአንድ ዓመት ውስጥ እርግዝና ያጋጥማቸዋል። ሆኖም ከኤችአይቪና ከሌሎች የአባላዘር በሽታዎች የሚጠብቀው እሱ ብቻ ነው፣ መርፌም ክኒንም ይህን አይችሉም። «እሷ መርፌ ላይ ናት» ብላችሁ አትተዉት።

የጠረጠራችሁ ደግሞ፦ ፋርማሲ የሚሸጠው የሽንት መመርመሪያ ፔሬድ ከቀረ በኋላ ነው የሚታመነው፤ ቀኑን የማታውቅ ከግንኙነቱ ሦስት ሳምንት በኋላ ትሞክር፣ የጠዋት ሽንት ይሻላል። በማግስቱ መርምራችሁ «የለም» ሲላችሁ አትዘሉ። «አለ» ካለ ብቻችሁን ውሳኔ ላይ አትድረሱ፣ ከሰፈር ሰው ክኒን ገዝታችሁም አትዋጡ። በ1997 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ ጽንስ ማቋረጥ የሚፈቀድባቸውን ሁኔታዎች አስቀምጧል። ከነዚህ ውስጥ በመደፈር ወይም ከቅርብ የሥጋ ዘመድ የመጣ እርግዝና ይገኝበታል፣ ለዚህም የልጅቷ ቃል ይበቃል። ለአካለ መጠን ባለመድረሷ ልጅ ለማሳደግ በአካልም በአእምሮም ያልተዘጋጀች ልጅም ተጠቅሳለች። የት እንደምትወድቁ የሚነግራችሁ ጤና ተቋም ያለ ባለሙያ ነው፣ በቶሎ ከሄዳችሁ አማራጩ ሰፊ ነው። ለመውለድ ከወሰናችሁም ክትትል ቶሎ መጀመር አለበት።

ስለ ዕድሜ ካነሳን፣ ሰፈራችን ስሟን የያዘችው ልዕልት ዘነበወርቅ፣ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ልጅ፣ በ1924 ዓ.ም. ስትዳር 14 ዓመቷ ነበር። 17 ሳይሞላት አረፈች፤ እዚሁ ሰፈር ያለው ሆስፒታል በስሟ ተሰየመ፣ ሰፈሩም ስሙን ከዚያ ወረሰ። ዛሬ በቤተሰብ ሕጉ ጋብቻ ከ18 ዓመት ጀምሮ ነው፤ ትልቅ ሰው ከ18 በታች ካለች ልጅ ጋር ግንኙነት ማድረጉም «ፈቅዳ ነው» ቢል እንኳ ወንጀል ነው። የታክሲ ረዳቱ፣ አስጠኚው፣ የአባትሽ ጓደኛ፣ ማንም ይሁን።

በ2008 ዓ.ም. በተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት፣ በአገሪቱ ከ15 እስከ 19 ዓመት ካሉት ሴቶች 13 በመቶዎቹ ወልደው ወይም አርግዘው ተገኝተዋል። አዲስ አበባ ላይ 3 በመቶ ብቻ ነበር። «እኛ ተርፈናል» እንዳትሉ፤ ከገጠር መጥታ እናንተ ቤት የምትሠራዋ ልጅ ዕድሜዋ ከእናንተ እኩል ነው፣ ብዙ ጊዜ ቴሌግራምም የላትም፣ ጤና ጣቢያው የት እንደሆነም የነገራት የለም። እቃ ስታጥቡ አንብቡላት።

በመጨረሻ፣ አንዲት እናት የልጃቸው ስልክ ላይ ይህን ቻናል አይተው «ልጆቻችንን ምን እያስተማርሽብን ነው?» ብለው ረዘም ያለ መልእክት ላኩልኝ። መለስኩላቸው፣ ተመላለስን፣ አልተስማማንም። በማግስቱ ግን ሌላ መልእክት መጣ፦ «ትንሹን ገና እያጠባሁት ነው፤ ያ በክንድ የሚቀበረው ለእኔ ይሆናል?» ይሆናል እትዬ፣ ወተት አይቀንስም። ክኒን ከመረጡ ግን ለሚያጠቡ የሚሰጠው ዓይነቱ ሌላ ስለሆነ፣ እያጠቡ መሆንዎን አስቀድመው ይንገሯቸው።