«ሰላም» እና «ሠላም» በኢንተርኔት፦ አንድ ስም ወይስ ሁለት?

ዛሬ ከዕለቱ ዜና ለአፍታ ወጣ ብለን ስለ ፊደላችን እናውጋ።

ለመሆኑ በኢንተርኔት አድራሻ «ሰላም» እና «ሠላም» አንድ ስም ናቸው ወይስ ሁለት? የሊቃውንት ጨዋታ እንዳይመስላችሁ። አንድ ባንክ አድራሻውን በግዕዝ ፊደል በእሳቱ ሰ ቢያስመዘግብ፣ አጭበርባሪ ደግሞ በንጉሡ ሠ ቢከተለው፣ ለእናቱ ገንዘብ የሚልክ ልጅ ልዩነቱን በምን ያውቃል?

ፊደላችን ዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው። ኮምፒውተር አነበበው ማለት ግን አድራሻ ሆነ ማለት አይደለም። እንደ ዶት ኮም ያለውን የአድራሻ ጫፍ የሚያስተባብረው አይካን ነው፤ ዋና መሥሪያ ቤቱም እዚሁ ሎስ አንጀለስ፣ ከፌርፋክስ ምግብ ቤቶቻችን በመኪና ሩቅ ያልሆነ ቦታ ነው። አይካን ሕጉን ራሱ አላረቀቀም። ከፊደሉ ተጠቃሚዎች የተውጣጣ ቡድን ያረቅቃል፣ ሌላ የባለሙያዎች ቡድን ይመረምራል። መርማሪው ረቂቁን እንዳለ ይቀበላል ወይም ይመልሳል እንጂ ከመሀል ቆርጦ የራሱን አይተካም። የፖለቲካ ሳይንስ ለተማረ ሰው ይህ የሥልጣን ክፍፍል ነው፤ ብዙ ፓርላማዎች የሌላቸው!

ታዲያ የትኛው ሐሳብ ጆሮ ያገኛል? መመዘኛው ጥብቅ ነው። አንዴ የተፈቀደን ፊደል መልሶ መንጠቅ ስለማይቻል፣ የሚያጠራጥር ይቆያል። ፊደሉ ዛሬ ሕዝብ በዕለት ኑሮው የሚጽፍበት መሆን አለበት፤ ጥንታዊነትና ውበት ብቻውን አይበቃም። ፩ እና ፪ም ከጫፉ ቀርተዋል፤ እዚያ ፊደል እንጂ ቁጥር አይገባምና። ፊደሉን ለምንወድ ሰዎች ይህ ይመራል፤ እኔ ግን እደግፈዋለሁ።

የግዕዝ ፊደል ቡድን በ2017 እ.ኤ.አ. ያቀረበው ረቂቅ በአማርኛ አንድ ድምፅ ያላቸውን ፊደላት እንደ ተለዋጭ ቆጠረ። አንዱ ከተመዘገበ ሌላው ለማንም አይሰጥም። አጭበርባሪው በር ተዘጋበት።

እዚህ ላይ ግን ልብ በሉ። ለትግርኛ ተናጋሪ ሃሌታው ሀ እና ሐመሩ ሐ፣ አልፋው አ እና ዓይኑ ዐ ድምፃቸው የተለያየ ነው። ለአማርኛ አንባቢ ጥበቃ የሆነው ለእርሱ ገደብ ነው። በትክክለኛው ፊደል መጻፍ አልተከለከለም፤ ሆኖም ሁለት የተለያዩ ቃላቱ እንደ አንድ ሊቆጠሩበት ይችላሉ። ከመዘረፍ ይሻላል እላለሁ፤ ዋጋውን ማን እንደከፈለ ግን መካድ አይገባም።

ይህ ሕግ የተዘጋጀው ለጫፉ ነው። ከነጥቡ በፊት የሚመጣውን ስም የሚወስነው መዝጋቢው ነው፤ ለምሳሌ ዶት ኢቲ በኢትዮ ቴሌኮም እጅ ነው። በፊደላችሁ አድራሻ ልትገዙ ስትሄዱ መጀመሪያ ይህን ጠይቁ፦ «ሌላኛውን ሠ ለማን ትሸጣላችሁ?»