ለልጅ አይሸጥም

(ድምፅ፦ የትምህርት ቤት ደወል፣ የተማሪዎች ጫጫታ፣ የታክሲ ረዳቶች ጥሪ)

ተራኪ፦ ተማሪዎች እየተለቀቁ ነው። በአዲስ አበባ ከብዙ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች በር ወጥቶ ጥቂት የተራመደ ሰው ጫት ቤቱንም፣ ግሮሰሪውንም፣ በመጋረጃ የተሸፈነውን ሺሻ ቤትም አያጣቸውም። አንዱ ልጅ የዩኒፎርም ሹራቡን አውልቆ ቦርሳው ውስጥ ይከታል። ከሥር በለበሰው ቲሸርት ሲቀር ተማሪነቱ አይለይም። መጋረጃውን ገለጥ አድርጎ ይገባል።

ብዙ ጊዜ የሚጀመረው በጫት ነው። «ለጥናት ያነቃል» ይባላል፤ በተለይ በፈተና ሰሞን። በርጫው ሲያበቃ ምርቃናው እንቅልፍ ይነሳል። እሱን ለመስበር ደግሞ ጨብሲ ይከተላል፤ ቢራ ወይም አረቄ። ላጥና ብሎ የተቀመጠ ልጅ ማታ ጠጥቶ ቤቱ የሚገባው እንዲህ ነው። ስለ ጫት ለብቻው፣ ስለ መጠጥ ለብቻው የሚመክር ዘመቻ ልጁን መሀል መንገድ ላይ ጥሎት ይሄዳል።

ሕግ የለም ማለት አይቻልም። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112 ዕድሜው 21 ዓመት ላልሞላው ሰው አልኮል መሸጥን ከልክሏል። ሲጋራም እንዲሁ። ሺሻንም አግዷል። የቢራ ማስታወቂያ ከሬዲዮና ከቴሌቪዥን የወጣው በዚሁ አዋጅ ነው። ከዚያ በፊት የኳሱም የበዓሉም ዝግጅት በቢራ ስፖንሰርነት ይቀርብ እንደነበር ታስታውሳላችሁ። ትልቅ እርምጃ ነበር።

አዋጁ ያልደረሰበት በር ግን አለ።

(ድምፅ፦ የበር መንኳኳት፣ የብርጭቆ ድምፅ)

አረቄ ቤት። አግዳሚ ወንበር፣ መለኪያ የተደረደረበት ጠረጴዛ። ከሻጮቹ ብዙዎቹ ልጆቻቸውን ብቻቸውን የሚያሳድጉ እናቶች ናቸው። ገና አሥር ዓመት የሆነው ልጅ ባዶ ሃይላንድ ይዞ ይመጣል። «አባቴ ልኮኝ ነው» ይላል። ሻጯ አባቱን ታውቀዋለች፤ ጎረቤቷ ነው። ትቀዳለታለች። ክዳኑን ጥብቅ አድርጋ ዘግታ «እንዳትደፋው የኔ ልጅ» ትለዋለች። ሕጉን የጣሰ ወንጀለኛ እዚያ ቤት ውስጥ ያለ አይመስልም። የሚታየው የተላከ ልጅ፣ የላከ አባት፣ የቀዳች ጎረቤት ነው። በዓል ሲመጣም «ቅመስ፣ ምንም አይልህም» እያልን ጠላውን የምንሰጠው እኛው ነን። ልጆቻችንን ያበላሸ ክፉ ጓደኛ ፍለጋ ሰፈር ከማዳረሳችን በፊት ራሳችንን መጠየቅ አለብን።

ጎረቤት ሲስማማ ምን ያህል እንደሚሠራ አይስላንድ አሳይታለች። በ1998 እ.ኤ.አ. ከ15 እና 16 ዓመት ታዳጊዎቿ 42 በመቶው በአንድ ወር ጊዜ ውስጥ ሰክረን ነበር ብለው መልሰዋል። በ2016 እ.ኤ.አ. ቁጥሩ ወደ 5 በመቶ ወርዷል። በየቀኑ ሲጋራ የሚያጨሱትም ከ23 በመቶ ወደ 3 በመቶ ወርደዋል። ወላጆች ቅዳሜና እሑድ ሲቃረብ በምሽት ተራ ገብተው ሰፈሩን ይዞራሉ። ከ13 እስከ 16 ዓመት ያሉ ልጆች በብርድ ወራት ከምሽቱ 4 ሰዓት በኋላ ያለ አዋቂ ውጭ መቆየት አይፈቀድላቸውም። የከተማ አስተዳደሮች የስፖርቱንና የሙዚቃውን ክፍያ ይደጉማሉ። ተማሪዎች በየጊዜው በመጠይቅ ይጠየቃሉ፤ ውጤቱም የየአካባቢው ሰው ወዲያው እንዲያየው ይደረጋል።

«እነሱ ሀብታም ናቸው» የሚል አይጠፋም። ድጎማው እርግጥ ገንዘብ ይፈልጋል። የወላጆቹ የማታ ዙር ግን የሚፈልገው ስምምነት ነው፤ ለስምምነት ደግሞ እኛ እድር አለን። እድር ከመቅበርና ከማስተዛዘን አልፎ መሥራት እንደሚችል በኤች አይ ቪ ዘመን ታይቷል። ብዙ እድሮች ወላጆቻቸውን ያጡ ሕፃናትን ደግፈዋል፤ ስሙን ለመጥራት ይፈራ የነበረውን በሽታ በስብሰባቸው አንስተው ተነጋግረውበታል።

መጠጡም እዚያው ሊነሳ ይችላል። አረቄ ሻጯም፣ ባለግሮሰሪውም፣ የሚልከው አባትም የአንድ እድር አባላት ናቸው። «ለልጅ አይሸጥም፣ ልጅ አይላክም» ተብሎ ሁሉም ባለበት ቢወሰን ፖሊስ ሊጠብቀው የማይችለውን በር ሰፈሩ ይጠብቀዋል። ሻጯን ማሳደድ ግን መፍትሔ አይሆንም፤ ከጉሮሮዋ የሚነጠቀው የልጆቿ እንጀራ ነው። ሌላ ሥራ እንድትጀምር ማገዝ የውሳኔው አካል መሆን አለበት።

ሜዳውም አይረሳ። ሰፈሩ ውስጥ ኳስ የሚጫወቱበት ቦታ ታጥሮ ሲወሰድባቸው፣ ከትምህርት በኋላ ያሉትን ሰዓታት ልጆቹ የት እንዲያሳልፉ ነው የምንጠብቀው? ወረዳውን ለመጠየቅም አንድ ወላጅ ብቻውን ከሚሄድ እድሩ ከወላጅ መምህር ኅብረቱ ጋር ሆኖ ቢሄድ ይሰማል።

(ድምፅ፦ የስብሰባ ድምፅ፣ ቀስ በቀስ እየጠፋ)

አድማጮቻችን፣ በሚቀጥለው የእድራችሁ ስብሰባ ይህን አጀንዳ አስይዙ። እስከዚያው ግን ዛሬ ማታ መጠጥ ካስፈለጋችሁ ልጁን አትላኩ፤ ራሳችሁ ሂዱ።